የማቀዝቀዣው ምስክርነት

ፋናዬ ለክፍል ኃላፊነት ስትወዳደር እንቅልፍ የነሳት ፈተናው ሳይሆን የቤቷ ማቀዝቀዣ ነበር። በአዲሱ አዋጅ የሠራተኛ ደመወዝ የሚወሰነው ማቀዝቀዣው በሚልከው ሪፖርት ነው፤ በጥቂት የሚኖር ጥቂት ይከፈለዋል።

«ስንት ትጠብቂያለሽ?» አሏት አለቃዋ አቶ ደምመላሽ።

ሳምንት ሙሉ የተለማመደችውን ቁጥር ጠራች። እሳቸው ስክሪኑን ወደ እሷ አዞሩት። «ሃምሳ ቀን ሙሉ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ባለሽ ነገር ተመችቶሻል ይላል።»

«ጋሼ፣ ሁዳዴ እኮ ነው።»

«እኔም እየጾምኩ ነው፤ ማሽኑ ግን ጾም አያውቅም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የምፈርመው ነገ ጠዋት ነው።»

አመሻሽ ላይ ልጇ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ክው አለች። «እማዬ፣ በሕማማት ሥጋ?»

«የምንበላው አይደለም» አለች ፋናዬ፣ በሩን ቀስ አድርጋ እየዘጋች። «እሱ እንዲያየው ነው።»