የተለመደው እስትንፋስ

የእስትንፋስ መለኪያው ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል። ትርሲት ሮጣ ሄዳ ሕፃን ልጇን ብታየው፣ ባሮክ ደረቱ ከፍ ዝቅ እያለ ለጥ ብሎ ተኝቷል።

መለኪያን በእጅ ማስተካከል ድሮ ቀረ። አሁን ሴንሰር ሲሰኩለት፣ መለኪያው ሴንሰሩ ቀድሞ የኖረበትን ቤት ልማድ ከውስጡ ያነብና ራሱን በዚያው ልክ ያስተካክላል። ይህን ከፍራሽ ሥር የሚነጠፍ ሴንሰር ባሏ መላኩ ትናንት ከቆራሌው ነው የገዛው።

ጩኸቱ ሲያደነቁራት ሥራ ቦታው ደወለችለት።

«እስቲ ስክሪኑ ላይ ያለውን አንብቢልኝ» አላት።

«የሕፃን አልጋ። የተለመደው እስትንፋስ፣ ዜሮ።»

መላኩ ቁጥሩን ደግማ እንድታነብለት ጠየቃት።

«ምነው?»

«ቆራሌው ነግሮኝ ነበር። የሴንሰሩ የድሮ ባለቤቶች ልጅ ሲሞት እናትየው አልጋውን አላስነካም አለች። አልጋው ባዶውን፣ ሴንሰሩም ከሥሩ እንደተነጠፈ ከረመ።»

«ታዲያ የኔ ልጅ ስለተነፈሰ ነው የሚጮኸው?»

«እሱ ነው። ንቀይው በቃ።»

ልትነቅለው ጎንበስ አለችና እጇን መለሰች። እስከጮኸ ድረስ ልጇ አለ ማለት ነው። ይጩህ።

ጓሮ ወጥታ የባሮክን ጨርቆች ማጠብ ጀመረች። ጩኸቱ በመስኮቱ ይሰማታል፤ ጠዋት ያሳበዳት ድምፅ አሁን ልቧን አሳረፈላት። አንዱን ጨርቅ አጥባ፣ ሌላውን እየጨመቀች ሳለ ቤቱ ጸጥ አለ።

ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። መለኪያው በለሰለሰ ድምፅ ተናገረ።

«ሁሉም እንደተለመደው ነው።»