አንድ ስንዝር በር

«እብድ ናት ብለሽ ጻፊልኝ፣ ሲስተር» ይላሉ ኦቦ ነገሳ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው። «ማኅተም ይኑረው እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሲስተር የሺወርቅ እስክሪብቶዋን አንስታ መልሳ ታስቀምጣለች። እዚህ ሱሉልታ፣ በጤና ጣቢያው፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ይዞት የመጣ ሁሉ ወደ እሷ ክፍል ነው የሚላከው። የሁለት ሳምንት ሥልጠና አላት፤ የቀረውን ከአሮጌ መጻሕፍትና ዝም ብሎ ከማዳመጥ ነው የለቀመችው።

ፊት ለፊቷ ዱርሲቱ ተቀምጣለች፤ የኦቦ ነገሳ የሟች ወንድማቸው ሚስት። አንድ ልጇ ጃለታ፣ ተማሪዎቹ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው አስፋልት የወጡ ቀን፣ በጥይት ወደቀ። ሰባት ሳምንት ሆነው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ቀበሌው በር ላይ ትቆምና ልጇን ትጣራለች፤ ለምሳ እንደምትጠራው ዓይነት፣ ሳትጮህ። ትናንት ጥበቃው «ደግመሽ ብትመጪ ትታሰሪያለሽ» ብሏታል።

«እብድ ከሆነች አያስሯትም» ይላሉ ኦቦ ነገሳ። «ከፈለግሽ እኔንም ጨምሪና ሁለታችንንም እብድ በይን። አንድ ማኅተም ይበቃናል።»

የዱርሲቱ ከንፈር ላይ ፈገግታ ቢጤ ያልፋል። እብድ እንዲህ ቦታውን ጠብቆ አይስቅም፣ ትላለች የሺወርቅ በልቧ። ቅጹን ትስባለች።

«እንቅልፍስ?»

«ይመጣና ይመለሳል።»

«ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰሚያለሽ?»

«ምን እሰማለሁ፣ የሺ? እሱ እንደሆነ ዝም ብሏል።»

«ሰዎች የሚሸሹሽ ይመስልሻል?»

«አይመስለኝም። ይሸሹኛል።»

«በስውር የሚያዩሽስ?»

ዱርሲቱ ቀና ትላለች። «ኤዬ፣ ያዩኛል። ከየበሩ ስንጥቅ።»

ቅጹ ለእያንዳንዱ «አዎ» አንድ ነጥብ ይሰጣል። መልሱ እውነት ይሆን እንዴ ብሎ የሚጠይቅ መስመር የለውም። የሺወርቅ ግን እውነት መሆኑን ታውቃለች። ሰፈራቸው አንድ ነው፤ እድራቸውም አንድ።

ጃለታ የሞተ ቀን የእድሩ ጥሩንባ አልተነፋም። ነፊው ሙሴ የሊቀ መንበሩን ትእዛዝ ጠበቀ። ሊቀ መንበሩ ከአባላቱ አንዱ መጥቶ እስኪጠይቀው ጠበቀ። አባላቱ ጥሩንባውን ጠበቁ። ለቅሶ የደረሰ ሰው ስሙ ይመዘገባል የሚል ወሬ ነበር፤ ከማን አፍ እንደወጣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ኦቦ ነገሳ መንገድ ተዘግቶባቸው ከጫንጮ የደረሱት በሦስተኛው ቀን ነው። ድንኳኑ እንደተጠቀለለ እድሩ መጋዘን ቀረ።

የሺወርቅ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ፣ የንፍሮውን ሰሃን ይዛ፣ እስከ ግቢዋ በር ወጥታ ነበር። በሩን አንድ ስንዝር ከፈተችው። መንገዱ ላይ ሰው የለም። ማዶ ግን የጎረቤቷ የመቅዲ በር ልክ እንደ እሷው አንድ ስንዝር ተከፍቷል። ቀጥሎ ያለውም። በየስንጥቁ የነጠላ ጫፍ ይታያል። አንዷ እግሯን ብታወጣ ሁሉም ይወጡ ነበር፤ ይህን ያሰበችው ግን ኋላ ነው። ንፍሮው እጇ ላይ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች። ከዚያ በሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። የእሷም ተዘጋ።

«ዱርሲቱ» ትላለች አሁን፣ «ለእንቅልፉ ኪኒን እሰጥሻለሁ። ሕመምሽ ግን እዚህ አይደለም ያለው።» የራሷን ግንባር ትነካለች።

«የት ነው ታዲያ?» ይላሉ ኦቦ ነገሳ። «ወረቀት የሚጻፍበት ቦታ ከሆነ ንገሪን።»

ሰፈሩ ላይ ነው እንዳትል፣ ለሰፈር ኪኒን አይታዘዝ። ጤነኛ ናት ብላ ብትጽፍ ነገ ጠዋት እስር ቤት ናት። እብድ ናት ብላ ብትጽፍ አይነኳት ይሆናል፤ ግን ጤነኛ ሆና ያልመጣላት ጎረቤት ለእብድ ሊመጣ ነው? አቤቱ፣ የቱን? እጇ አንገቷ ላይ ያለውን መስቀል ይፈልጋል። ኦቦ ነገሳ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያሉ።

ትጽፋለች። ማኅተሙን ታሳርፋለች።

ዱርሲቱ እስክሪብቶውን ስትከተል ቆይታ «የሺ» ትላለች፣ «የነጠላሽ ጥለት አረንጓዴ ነው፣ አይደል?»

የሺወርቅ ቀና ትላለች። ዛሬ ነጠላ አልለበሰችም።

«አረንጓዴ ነው። የኔ ቤት መንገዱ ጫፍ ላይ አይደል፣ የሁሉም በር ይታየኛል። ብዙ ቆመሽ ነበር። የምትመጪ መስሎኝ በርጩማ አውጥቼልሽ ነበር።»

የሺወርቅ ወረቀቱን ለኦቦ ነገሳ ትዘረጋለች።

ኦቦ ነገሳ ወረቀቱን አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ይከታሉ። «ዋቃ ይስጥልን፣ ሲስተር» ይላሉ፣ ከልባቸው። ዱርሲቱን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ጋ ያስቀምጧትና ባጃጅ ሊጠሩ ይወጣሉ። በር ላይ ዘበኛው «ምን አሏት?» ሲላቸው፣ ግማሽ እፎይታ ባለው ድምፅ «እብድ ናት ተባለ፣ ተጽፎልናል» ሲሉ እስከ ክፍሉ ይሰማል።

የሺወርቅ ቀጣዩን ካርድ ታነሳለች። ልትጣራ ወደ በሩ ትሄዳለች።

አግዳሚው ላይ አምስት ሰው ተጣቦ ነበር። አሁን አምስቱም ወደ አንድ ጫፍ ተሸጋሽገዋል፤ አንዷ እናት ሕፃኗን ወደ ሌላኛው ጭኗ አዙራለች። ዱርሲቱ ብቻዋን በሌላው ጫፍ ናት። በነጠላዋ ጫፍ አጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ አቧራውን እየጠረገች ነው፤ ሰው ሊቀመጥበት እንደሆነ ሁሉ፣ ቀስ ብላ።

የየሺወርቅ እጅ መዝጊያው ላይ ነው። በሩ የተከፈተው አንድ ስንዝር ነው።