በሕይወት የተያዘ

«ይሄ ሞተር ሳይክል ነው? ጀሪካን ነው?» አለች የፓርኩ ጠባቂ፣ የሽቦውን ሳጥን በጣቷ እያንኳኳች። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት የአቦሸማኔ ግልገሎች እርስ በርስ ተለጥፈው ተኝተዋል። ከትናንት ወዲያ ከአንድ የጭነት መኪና መቀመጫ ሥር በገዛ እጇ ስታወጣቸው ሦስት ነበሩ።

በፖሊስ ጣቢያው በማስረጃነት የተያዙ ዕቃዎች የሚቀመጡበት የኤግዚቢት ክፍል ሳጅን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መዝገቡን ወደ እሷ አዞረው። «ሦስት ተብሎ ነው የገባው። ስለሞተችው እዚህ ጋ ፈርሚልኝ። በድኗም ፍርድ እስኪሰጥ አይወጣም።»

«ሳጅን፣ አዋጁን አንብበውታል?»

«አንብቤዋለሁ፣ የኔ ልጅ።»

«በሕይወት የተያዘ የዱር እንስሳ ወዲያውኑ ለጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ይተላለፋል ይላል። ወዲያውኑ! አማርኛ ነው እኮ!»

«ቀጥሎ ያለውንስ? ‹ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል› ነው የሚለው። መመሪያው የታለ?»

ጠባቂዋ የት እንዳለ ታውቃለች። መመሪያው አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ ረቂቅ እንደሆነ አራት ዓመቱ ነው። ዘንድሮ እንኳ ሁለት ጊዜ ስብሰባ ተጠርታ ሄዳለች፤ ሁለቱም ጊዜ «ወዲያውኑ» በሰዓት ይቆጠር ወይስ በቀን ሲባባሉ ውለው ተበትነዋል።

«ዳኛው ትእዛዝ ይጻፉልኝ ብዬ ሄጄ ነበር» አለች። «ሥልጠና ላይ ናቸው፤ ሰኞ ይመለሳሉ አሉኝ። እዚህ ያለው የላም ወተት ብቻ ነው፤ በእሱ ሰኞን አያዩም፣ ሆዳቸውን ነው የሚያጥበው። እኛ ጋ የእንስሳት ሐኪሙም የሚስማማቸው ወተትም አለ። ግማሽ ሰዓት መንገድ!»

የሳጅኑ ፊት ዳመነ። ያኔ ነው ከወንበሩ ሥር የቆመውን የሕፃን ጡጦ ያየችው።

«የልጅ ልጄ ጡጦ ነው» አለ፣ እንደ ማፈር ብሎ። «ሌላ ምን እንደሚሰጣቸው አላወቅኩም።»

ልትጮህበት ነበር፤ ተወችው።

«ስሚኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ጊዜ በኤግዚቢትነት የተያዘ የታመመ በሬ አሳዝኖኝ ለባለቤቱ ለቀቅኩለት። ኤግዚቢት አጠፋህ ተብዬ ማዕረጌ ተቀንሶ እዚህ ጓዳ የተጣልኩት ለዚያ ነው። ሁለተኛ አይለምደኝም።»

አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ቁልፉን አንጠልጥሎ ተነሣ። «ልዘጋ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጪ ማንም እዚህ አይገባም።»

«ደንቡ አይገባም ነው ወይስ አይቆይም ነው የሚለው?»

ሳጅኑ አሰበ። «አይገባም።»

«እኔ ገብቻለሁ።» ጃኬቷን አውልቃ ሲሚንቶው ላይ አነጠፈችና ቁጭ አለች። ስልኳን አውጥታ ለሐኪሙ ደወለች፤ ወተቱን ይዞ እንዲመጣ፣ በመስኮቱ ፍርግርግ እንዲያቀብላት ነገረችው።

ሳጅኑ በሩ ላይ ቆሞ አንዴ እሷን፣ አንዴ ቁልፉን አየ። «እብድ ነሽ» አለ። ቆይቶም፣ «እኔ ምንም አልሰማሁም።»

በሩ ተዘጋ። ቁልፉ ሁለቴ ዞረ። ሰኞ ገና ሦስት ቀን ቀርቶታል። ንዴቷ አልወጣላትም፤ ሲሚንቶውን በቡጢ መታችው፤ ያተረፈችው የእጅ ሕመም ብቻ ነው።

ሳጥኑን ከፍታ ደከም ያለችውን ግልገል ደረቷ ላይ አስተኛቻት። ከጨርቅ አትከብድም። ግልገሏ ዓይኗን ሳትገልጥ እነዚያን ቀጫጭን ጥፍሮቿን የደንብ ልብሷ ላይ ሰካች፤ አለቀቀችም።