የታሸገው ኮምፒውተር

ልጅቷ ሰኞ የሕንፃ ንድፍ ትምህርት ትጀምራለች፤ ያለ ኮምፒውተር አይሆንላትም። አባቷ ግን ወንድሙ «አዲስ ነው» ተብሎ የገዛው በሳምንቱ ቀጥ ስላለበት፣ ሱቁ ውስጥ የተደረደሩትን ካርቶኖች በጥርጣሬ ይገላምጣል።

«የተገጠመውን ካላመኑት፣ ዕቃ ዕቃውን መርጠው እዚሁ ፊትዎ ልገጣጥምልዎ፣ ጋሼ» አለው ሻጩ።

«አሮጌ ሰካክተህ ልትሸኘኝ? ይልቅ የተገጠመውን ክፈትና ሆዱን አሳየኝ።»

«ማሸጊያው ከተቀደደ እኮ ሌላ ሰው አይገዛኝም።»

«ምን ደብቀህበት ነው?»

«አባዬ፣ በቃ!» አለች ልጅቷ።

ሻጩ በረጅሙ ተንፍሶ ማሸጊያውን ቀደደ፤ የኮምፒውተሩንም ክዳን ፈታ። አባት የስልኩን ባትሪ አብርቶ ጥግ ጥጉን በረበረ። አቧራ እንኳ የለውም፤ ሁሉም አዲስ ነው። ፊቱ ፈካ።

«አሁን አመንኩህ» አለው ሻጩን። «በል፣ ያልተከፈተ አምጣልኝ።»