የላይኛው ፎቅ መስኮት

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ለንደን ያለሁበትን ቤት ብታዪው ትቀኚብኝ ነበር። ጆርጅ የሚባሉ ነገሥታት እየተፈራረቁ በነገሡበት ዘመን የተሠራ ነው አሉ። መንገዱን ሙሉ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው ቆመዋል፤ በሩም መስኮቱም ልክክ ያለ አንድ ዓይነት፣ ዩኒፎርም የለበሰ የተማሪ ሰልፍ በይው።

ልጆቻቸውን እንድይዝ ያስመጡኝ እትዬ አስካለ ፓስፖርቴን ወስደውብኛል። ሲወጡ ክፍሌን ከውጭ ይቆልፉታል። ስልኬም እሳቸው ጋ ነው፤ የማወራውም አጠገቤ ተቀምጠው ነው።

አብራኝ የተማረችው ኤፍራታ እዚሁ ነርሲንግ ትማራለች። እንደመጣሁ ሰሞን “ክፍሌ ላይኛው ፎቅ ነው፣ ግራ ጥግ” እያልኩ ጉራዬን ነዝቼላታለሁ። አርብ ስትደውል ድምፄ አላማራትም መሰለኝ፣ በሹክሹክታ፣ “ነገ ጠዋት በደጃችሁ አልፋለሁ። ተቸግረሽ ከሆነ የክፍልሽን መስኮት ክፈቺው፣ ፖሊስ ይዤ እመጣለሁ” አለችኝ።

“እሺ” ብቻ አልኩ። ሌላ ምን ልበል? የእትዬ ዓይን እኔ ላይ ነው።

አይ ኤፊዬ! ክፍሌ እኮ መስኮት የለውም። የድሮዎቹ ግንበኞች ከፊት ሲታይ እኩል እንዲሆን ብለው በክፍሌ ድፍን ግድግዳ ላይ በውጭ በኩል መስኮት ሥለዋል፤ ነጭ ፍሬም፣ ጥቁር መስታወት። ከመንገድ ሲያዩት ከእውነተኛው አይለይም።

ቅዳሜ ጠዋት ተቆልፎብኝ ያንን ግድግዳ ስደበድብ አረፈድኩ። እትዬ ሲመለሱ ስልኬን ይዘው ገቡና፣ “ይቺ ጓደኛሽ ደግሞ ምን ነክቷት ነው?” ብለው መልእክቷን አነበቡልኝ፦

“መስኮትሽ ዝግ ነው፣ ተመስገን! እኔ ደግሞ በከንቱ ስጨነቅ። በቃ፣ ከእንግዲህ አልጨቀጭቅሽም።”