ሁለተኛው ብልቃጥ

«እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ፣ አባባ» አለች ነርሷ ማሪቮን።

ክሎቴር እጅጌውን አልሰበሰበም። ባለፈው ሳምንት ከዚሁ ክንድ፣ በዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደሙን ሰጥቷል። የአንድ ሰው ደም ሁለት ጊዜ የሚፈለገው የፊተኛው ያልተወደደ ነገር ሲናገር ነው፤ ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

«የፊተኛው ምን ቢል ነው የተጣለው?»

«ምንም አላለም። ተበላሸ።»

«ተበላሸ? ደም እንደ ዓሣ ይበላሻል?»

በሩ አጠገብ ተራዋን የምትጠብቀው ዓሣ ሻጯ ሲዶኒ ዝም ማለት አልሆነላትም። «ያንተማ አይበላሽም፣ ክሎቴር! ዕድሜ ልክህን በሩም ዘፍዝፈኸዋል!» ብላ በራሷ ቀልድ ተንከተከተች።

ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አያጣላትም ነበር። ዛሬ ግን ቀልዷ የሚፈራውን ቦታ ነካበት። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ መጠጥ በአፉ አልዞረም፤ ይሁን እንጂ ማን ያምነዋል? በጎልማሳነቱ፣ በማርቲኒክ ደሴት ሰሜን፣ ኮረብታ ላይ ባለ የሙዝ እርሻ፣ ነጩን የነቀዝ መግደያ ዱቄት በባልዲ ተሸክሞ በየሙዙ ሥር በባዶ እጁ በትኗል። በዚያ ኮረብታ ላይ አብረውት የበተኑት ሁሉ አልቀዋል። የዚህችው የማሪቮን አባት ኦክታቭ ሆዱ ተነፍቶ፣ ዐይኑ ቢጫ ሆኖ ሲሞት «ሩም ነው የገደለው» ተባለ። ኦክታቭ ግን ከሰንበት አክባሪዎቹ ወገን ነበር፤ ብርጭቆ በአጠገቡ ሲያልፍ ፊቱን የሚያዞር ሰው።

«ደሜ ውስጥ የምትፈልጉት ነገር» አለ ክሎቴር ቃሉን እየመዘነ፣ «ሩሙን ከዱቄቱ ይለያል?»

ማሪቮን መርፌውን አስቀመጠች። «አይለይም።»

ውሸት ሲጠብቅ እውነት ስለመጣበት ጥርጣሬው ባሰ።

«ማይክሮ አር ኤን ኤ ይሉታል» አለች። «በጣም ጥቃቅን ነገር ነው። ጉበት ሲጎዳ፣ ሲቆጣ፣ ወደ ደም ያፈሰዋል። የተለመደው ምርመራ ‹ደህና ነው› እያለ እንኳ እሱ ቀድሞ ሊያሳብቅ ይችላል። ጉበቱ መመታቱን ይናገራል እንጂ ማን እንደመታው አይናገርም። ለዚህ ነው ተመራማሪዎቹ ዱቄቱን የነኩትንና ያልነኩትን ጎን ለጎን አድርገው የሚያዩት። ከዚያ ኮረብታ ደግሞ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አባባ።»

«የቀረሁት እኔ ብቻ፤ የተበላሸውም የእኔ። አየሽ?»

ስልኳን አውጥታ ሥዕል አሳየችው። ሁለት ብልቃጦች ናቸው፤ በአንደኛው ከደሙ በላይ የሰፈፈው ውሃ እንደ ገለባ ቢጫ ነው፣ በሁለተኛው እንደ በሰለ የዘይቱን ፍሬ ውስጥ ቀይ ነው። «ቀዩ የእርስዎ ነው፤ ቢጫው በሌላ ቀን የተላከ የሌላ ሰው ነው። ቀዮቹ ህዋሳት ሲፈነዱ የራሳቸውን ማይክሮ አር ኤን ኤ ያፈሳሉ፤ የጉበቱ በዚያ ውስጥ ይዋጣል። ደሙ በሰዓቱ ከተማ መድረስ ነበረበት። አልደረሰም።»

«ማን አስቀረው?» ክሎቴር ከወንበሩ ተነሣ። «ስሙን ንገሪኝ! ባለ እርሻዎቹ ናቸው? ሾፌሩን ገዙት?»

ማሪቮን ስልኳን ኪሷ ከተተች።

«መኪናው ድልድዩ ላይ ተይዞ ዋለ» አለች። «መንገዱ የተዘጋ ዕለት። ፀሐይ ላይ።»

ሲዶኒ ዞር ብላ ክሎቴርን አየችው።

ክሎቴር ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ድልድዩን የዘጉት እነሱ ነበሩ፤ «የዱቄቱ ጉዳት ይታመንልን» ብለው ቅርንጫፍና አሮጌ ጎማ የከመሩት፣ ከየእርሻው የመጡ የቀድሞ ሠራተኞች። አንዲት ነጭ መኪና መጣች። ወጣቱ ሾፌር ወርዶ «እባካችሁ፣ የያዝኩት ደም ነው» ሲል፣ ሁሉም በዕድሜ ወደሚበልጣቸው ወደ ክሎቴር ዞሩ። እሱም፣ «ደማችንን ስትመጥጡት ኖራችሁ፣ አሁን ደግሞ በሣጥን ታመላልሱት ጀመር?» አለ። ሰዉ በሳቅ አጨበጨበለት። ጭብጨባው ሲመሽ እንኳ ከጆሮው አልወጣም ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ያለው የማን ደም እንደሆነ ግን አልጠየቀም።

«ታውቂ ነበር?»

«ሾፌሩ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«የፈለግሁት ደምዎን እንጂ እፍረትዎን አይደለም» አለች ዐይኗን ሳታነሣ። «የአባቴን ማንም አልቀዳልኝም።»

ክሎቴር እጅጌውን ሰበሰበ። ደሙ ብልቃጡን ሲሞላ ዐይኑን አልነቀለም፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚጠረጥረው እሷን አልነበረም። ጣቶቹ ጠቁረው ጎማ ጎማ ይሸታሉ። ዛሬም መንገዱ ተዘግቷል፤ ወደዚህ የመጣው ጎማ ሲያንከባልል አርፍዶ ነው።

ብልቃጡ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ክዳኑ እንደተገጠመ ሾፌሩ በጓሮው በር ገባ። ሣጥኑን ካነሣ በኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሽማግሌ አየና ባለበት ቆመ።

«አብሬህ እሄዳለሁ» አለ ክሎቴር ከመቀመጫው እየተነሣ። «ሣጥኑን እኔ ልያዘው። እኔን ካዩ ያሳልፉሃል።»

ወጣቱ ማሪቮንን አየ፤ ከዚያ የሽማግሌውን እጆች አየ። ክሎቴር ሁለቱን መዳፎቹን ዘርግቶ ጠበቀ። ሾፌሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ሣጥኑን ወደ ደረቱ አስጠጋ።