ለጉልባን የላክሁት ባቄላ

ልጄ ትርሲት ባሕር መሀል ባለች ደሴት ላይ ተባይ እየለቀመች የተባዩን ዘር ትለያለች። ዘንድሮ ሕጉ ከባድ ነው፤ አዲስ ተባይ የተገኘባት ደሴት ለሰባት ዓመት ትዘጋለች፣ ከውስጧም ሰው አይወጣም። ትርሲት ለፋሲካ ልትመጣልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ትቀቅል ብዬ ከጓዳዬ ባቄላ በመንገደኛ እጅ ደብቄ ላክሁላት።

ዛሬ ደወለችልኝና ፊቷ ግድግዳዬ ላይ በራ። መዳፏ ላይ ነቀዝ ይዛለች።

«እማዬ፣ ከባቄላሽ ወጣች። እዚህ የሌለች ዘር ናት። ልናገር ነው።»

«ጨፍልቂያታ ልጄ፣ ማን ያይሻል?»

ሳቅ አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቷል።

«እግዜር ያያል እያልሽ አይደል ያሳደግሽኝ?»

የግድግዳው ብርሃን ሲጠፋ የተረፈውን ባቄላ ሰፌድ ላይ ዘርግቼ መልቀም ጀመርኩ፤ ሳልልክላት በፊት መልቀም የነበረብኝን።